ውሃው ያወረደው ሳፋ

ሐሙስ፣ ከጅጅጋ ስንወጣ

ሰኔ ሲገባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሰላምታው ራሱ በጀት ነው። ሒሳብ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደመጣበት ይመለሳል። ለሥራ ይሁን ለቅጣት ባልገባኝ ሁኔታ እኔም ከቢሮ ወጥቼ መኪና ላይ የተሰቀልኩት በዚሁ ጥድፊያ ነው። አስቴር እባላለሁ፤ የከተማ ፕላን ባለሙያ ነኝ። የተወለድኩት አባቴ ወታደር ሆኖ ተመድቦ በመጣባት በዚችው በጅጅጋ ነው። ሶማሊኛን የተማርኩት ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ስፈጭ ነው፤ ከዚህ በታች የምትሰሙት ጨዋታ አብዛኛው በሶማሊኛ የተደረገ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ የቀባኋቸውን ቦታዎች ዛሬ ሄዳችሁ ብታዩ አንዱ ጋራዥ ነው፤ አንዱ «ለጊዜው» ተብሎ የተቀመጠ የኮንቴይነር ሱቅ ነው፤ አንዱ ደግሞ አሸዋ መሸጫ። አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መናፈሻ ሳወራ ድምፄ ከፍ አይልም። ደክሞኛል።

ይኼኛው ግን እንዲሠራ ከልቤ የፈለግኩት ነው። በታችኛው ሰፈር በኩል የሚያልፍ ደረቅ ወንዝ አለ። ዓመቱን አሸዋና ፌስታል ታቅፎ ይተኛና ዝናብ ሲመጣ እንደ እብድ ይነሣል። ያሰብነው ወንዙን ማስፋት፣ ዳርና ዳሩን ሣርና ግራር መትከል፣ ውሃው ሳይሮጥ ቀስ እያለ መሬት ውስጥ እንዲገባ ማድረግ፣ የተረፈውንም ከከተማው ጫፍ ላይ ከብት በሚጠጣው ኩሬ መያዝ ነው። ለዚህ ደግሞ በወንዙ አፋፍ ላይ የተሠሩ ስምንት ቤቶች መነሣት አለባቸው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች በቢሮ ቋንቋ «የልማት ተነሺ» እንላቸዋለን። ከፍ ባለ ስፍራ ምትክ ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ስብሰባ ተጠርቷል፤ ውሃና ኩኪስ ቀርቧል። ሁሉም በትሕትና ሰምተው አንድ መልስ ብቻ ሰጡ፤ «ሐጂ ዩሱፍ እሺ ካሉ እሺ ነው።»

ሐጂ ዩሱፍ በዚያ ሰፈር መጀመሪያ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው። ድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ዓመት ጎርፍ የቤታቸው ግድግዳ ተንዶ የወደቀው ምራታቸው የምትተኛበት አልጋ ላይ ነው። እሷን ያተረፋት ለሱብሒ ሶላት ልትታጠብ ወጥታ መሆኗ ብቻ ነው። ዘንድሮም ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ነው የቀረው። ልጃቸውን ስጠይቀው አባቱ ሀርሺን፣ ከግመሎቻቸው ዘንድ እንደሄዱና ስልካቸው እንደማይሠራ ነገረኝ።

«ቢሠራስ ምን ዋጋ አለው? ቤት በስልክ ይጠየቃል እንዴ?» አለኝ።

ስወጣ እናቴ ግቢውን እያጠበች ነበር። ቤታችን ከላይኛው ሰፈር ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ መምህርና ነጋዴ የሚበዛበት። እናቴ ጭቃ ትጠላለች። ጡረታዋን አጠራቅማ ግቢውን ከጥግ እስከ ጥግ ሊሾ አስደርጋ፣ በየማለዳው እንደ ሳህን ታጥበዋለች። በዚያን ዕለትም በትንሽዬ ባልዲ ውሃ እየደፋች፣ ትልቁን ሰማያዊ ሳፋዋን የሰረቃትን ሰው ትረግማለች። ሳፋው ከጠፋ ዓመት ሊሞላው ነው።

«እጇ ይቆረጥ! አሁንም ያቺ የጎረቤት ሠራተኛ ናት እላለሁ» አለች፤ ቀጥላም «ስንቅ ይዘሻል?» አለችኝ።

ሀርሺን

አብዲ የቢሮው ሾፌር ነው። ሰው ያከብራል፤ መኪናውን ግን አያከብርም። ቀብሪበያህ ድረስ አስፋልቱ መልካም ስለሆነ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። እዚያ ቁርስ በላን፤ አንጄሮ የሚሉት ስስ ቂጣ በጉበት፣ ላዩ ላይ በስባስ የሚሉት ቃሪያ ስልስ ፈሶበት። የግመል ወተት ሻዩ ብቻውን ሠላሳ ብር ሆኗል። አብዲ ሁለት ጠጣና የሁለቱንም ሒሳብ ወደ እኔ ገፋ። አበል የምትቀበለው ኢንጂነሯ ናት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነው። ቀይ መሬት፣ ከሰው ቁመት በላይ የወጣ ኩይሳ፣ ከሩቅ እየዞረ የሚመጣ የአቧራ አውሎ። የውሃ ቦቴዎች ወደ ምሥራቅ እየተንገዳገዱ ይሄዳሉ፤ ጫት የጫነው ፒካፕ እነሱን እየቀደመ፣ እኛንም አቧራ እያቃመን ያልፋል። በመንገድ ዳር ሴቶች ባዶ ጄሪካን ደርድረው ቦቴ ይጠብቃሉ። አንዷን አንድ ጄሪካን ስንት እንደገባ ጠየቅኳት፤ «እንደ ሾፌሩ ፊት ነው» አለችኝ። ይህን መልስ ለመጻፍ በየትኛውም ሪፖርታችን ላይ ቦታ የለም።

ሀርሺን የደረስነው በጫት ሰዓት ነው። በጫት ሰዓት ደግሞ ሥራ አይጠየቅም። ፋራህ የሚባለውን የሐጂ ዩሱፍን የወንድም ልጅ አግኝተን ከመቀመጣችን አንድ ነገር ነገረን፤ ሐጂ የሉም።

«ሳል ጸናባቸው፤ ደምበል ልጃቸው ሰዓዳ ዘንድ ወሰድናቸው። አገሩ ይስማማቸዋል» አለን።

ደምበል ማለት ጅጅጋን ተመልሶ አልፎ፣ በሌላው ጫፍ ነው። አብዲ ጫማውን አወለቀና ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። እኔ ግን ማልቀስ አማረኝ። ለዚሁ ነው ወገቤ የተሰበረው?

ፋራህ አዘነልኝ መሰለኝ፤ ጫቱን ትቶ ተነሥቶ የሐጂን ብርካ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ብርካ የሚሉት መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተገነባ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። አገሩ ወንዝም ምንጭም የለውም፤ ሰውም ከብትም የሚኖረው በዚህ ነው። አፉ በእሾህ ቅርንጫፍና በቆርቆሮ ተሸፍኗል። ጎንበስ ብዬ ባየው ከታች ጥቂት አረንጓዴ ውሃ ቀርቶታል።

የገረመኝ ግን ጉድጓዱ አልነበረም። ከብርካው በላይ ወደ ዳገቱ ሰፊ ገላጣ መሬት አለ። ምንም የለበትም። ግራና ቀኙን ዝቅ ያለ የአፈር ክትር እንደ ተዘረጋ ክንድ ይዞታል፤ የዘነበው ሁሉ በዚያ ተሰብስቦ ወደ ብርካው ይወርዳል። መንደሩ ቤት ለመሥራት እየተጣበበ እንኳ ያንን ቦታ የነካ የለም።

«ማንም አይሠራበትም?» አልኩት።

«በውሃ መንገድ ላይ ቤት? እብድ ነው የሚሠራ» አለ። «ከዚያ በላይ ያለ ሰው ድንጋይ እንኳ ሊያነሣ ቢፈልግ ወርዶ የብርካውን ባለቤት ይጠይቃል። ላይ ያለ ይወርዳል። ታች ያለ ወጥቶ አይለምንም።»

የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር እንደ ወርቅ ያዝኳት። ሐጂን በገዛ ሕጋቸው እይዛቸዋለሁ ብዬ ደስ አለኝ፤ ድካሜም ትንሽ ቀለል አለ። የቀረውን ብዙም አልሰማሁት።

ዓርብ፣ የደምበል መንገድ

ጅጅጋ ተመልሰን አድረን በማግስቱ ወደ ሰሜን ወጣን። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ በኮረብታና በግራር መሐል ይሄዳል። እንደ ሀርሺን ሜዳ ዐይን አያደክምም፤ ወገብ ግን ያደክማል። መንገዱን የሚያቋርጡ ደረቅ ወንዞች አሉ፤ ሁሉም አሸዋ ናቸው። አንዱ ላይ ሴቶች አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ ከሥሩ የሚያዣውን ውሃ በጣሳ ሲቀዱ አየሁ። ከእነሱ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሠራ የኮንክሪት ግድብ አለ፤ ደለል ሞልቶት ፍየሎች ተኝተውበታል። ፎቶ አነሣሁትና ለምን እንዳነሣሁት ሳላውቅ ስልኬን መለስኩት።

ቀጥሎ ጎማው ተነፈሰ። አብዲ ስኮርታውን አውርዶ አየው፤ እሱም ተንፍሷል።

«ማን ነው እንዲህ ያስቀመጠው?» አልኩ።

«ቢሮው» አለ። ቢሮው እሱ ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ።

በዓርብ ቀን በቀትር መኪና የለም። ግራር ሥር ተቀምጠን እናቴ የቋጠረችልንን ዳቦ በላን። ኋላ አንድ የጫት መኪና ባዶውን ሲመለስ ቆመልን፤ ሾፌሩ የራሱን ስኮርታ አውልቆ ሰጠንና «ደምበል ጎሚስታው ጋ ተዉልኝ» ብሎ ስሙን እንኳ ሳይነግረን ሄደ። አብዲ መኪናውን እያስነሣ፣ «አየሽ? ትናንት አቧራ አቃመን እያልሽ ስታሚው የዋልሽውን የጫት መኪና» አለኝ።

ደምበል

ሰዓዳ፣ የሐጂ ልጅ፣ በከተማው ዋና መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት። ስንገባ ከአቧራው የተነሣ ማን መሆናችንን እንኳ ሳትጠይቅ ውሃ አቅርባ አስታጠበችን። ሩዝ በፍየል ሥጋ ቀረበ፤ ከጎኑ ሙዝ። እኔ ሙዙን ከሩዝ ጋር እየቆረሱ መብላት ከልጅነቴ የለመድኩት ነው። ዕቃውን ካነሣች በኋላ ወደ ጓሮ ወሰደችን።

ሐጂ ዩሱፍ ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ ተጋድመዋል። ሽርጥ ለብሰው፣ ፂማቸውን ሂና ተቀብተው፣ ጆሯቸው ላይ ሬዲዮ አስደግፈው። ሬዲዮው ባትሪው ስላለቀ አይሰማም፤ እሳቸው ግን አልዘጉትም።

«ወረን» አሉ። ወሬ ንገሩኝ ማለት ነው። ይህን ሳያደርጉ ወደ ጉዳይ መግባት አይቻልም። የመንገዱን ነገርናቸው፤ የዝናቡን፣ የግመሎቻቸውን፣ የፋራህን፣ የጎማውን። ስለ ጎማው ብዙ ጠየቁ፤ የድሮ ሾፌር ናቸውና የስኮርታውን ነገር ሲሰሙ አብዲን ገላመጡት። ከዚያ ሳላቸው ተነሣና ብዙ ቆየ። ሰዓዳ የሞቀ ወተት አመጣች። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ካርታ በእጄ እየዳሰስኩ ነበር።

«አደር» አልኳቸው በመጨረሻ፤ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ ይጠራል። «ሀርሺን ብርካዎን አየሁ። በውሃ መንገድ ላይ ቤት አይሠራም አሉኝ።»

«አይሠራም።»

«ታዲያ የጅጅጋው ቤትዎ በውሃ መንገድ ላይ ነው።»

እንደዚህ ነበር ያሰብኩት፤ መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት። ሐጂ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እኔ ያንን ቤት ስሠራ ውሃ በደጄ አልፎ ያውቃል? ከላይ ያለው ሁሉ ሜዳ ነበር። ይዘንባል፤ መሬቱ ይጠጣል፤ የተረፈው በወንዙ ይሄዳል። ከዚያ ላይ ቤት ሠራችሁ። መንገዱን ድንጋይ አነጠፋችሁ፤ ግቢያችሁን ሲሚንቶ አለበሳችሁ፤ ጣራችሁን በአሸንዳ ወደ መንገድ አዞራችሁ። መሬቱ የሚጠጣበት አፍ አጣ። እኔ በውሃ መንገድ ላይ አልሠራሁም። ውሃው ነው በእኔ ላይ የተላከ።»

ይህን አላውቅም ነበር አልልም። አውቃለሁ፤ ሙያዬ ነው። በፕላኑም ላይ የላይኛው ሰፈር ግቢዎች የተወሰነ አፈር ክፍት እንዲተዉ የሚል አንቀጽ ራሴ ጽፌያለሁ። ግን አንቀጹን ማንም አላነበበውም፤ ምክንያቱም በሱ የሚነሣ ቤት የለም። ስብሰባ የጠራነው ተነሺዎቹን ብቻ ነበር። ውሃውን የሚልኩት ሰዎች በቢሯችን ቋንቋ ስም እንኳ የላቸውም።

«እውነትዎን ነው» አልኩ። «ቢሆንም ዝናቡ እውነቱን አይጠይቅም፤ ይመጣል። ባለፈው ግድግዳው የወደቀው ምራትዎ አልጋ ላይ ነው። ዘንድሮ ሌላ ሰው ተኝቶ ቢሆንስ?»

ይህ ሳይነካቸው አልቀረም። ሬዲዮውን ዘጉት።

«ፋራህ ሌላውን አልነገረሽም?» አሉ ቀስ ብለው። «ላይ ያለ ሰው ነው ወርዶ የሚጠይቅ። ከጎርፉ ማግስት ግቢዬ በዕቃ ሞልቶ አገኘነው። ከላይ የወረደ ነው። ጫማ አለ፤ ወንበር አለ፤ የልጅ ብስክሌት አለ፤ ጄሪካን ስንትና ስንት። የእኛ ፍራሽ በስብሶ ሳለ ምራቴን የሰው ዕቃ አሳጠብኳት። አማና ነው፣ የሰው አደራ ነው አልኳት፤ ባለቤቶቹ ነገ ወርደው ይወስዱታል፤ ያኔ እንዴት አደራችሁ ይሉናል። ዓመት ሊሞላ ነው። አንድ ሰው አልወረደም። የመጣው ቀይ ቀለም የያዘ ልጅ ነው። በሰማያዊው የቤቴ በር ላይ የሚፈርስ ቤት ምልክት ቀብቶ ሄደ።»

የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ተቀየመ ልጅ ሆነ። በሩን ከጅቡቲ ባመጡት ቀለም ራሳቸው ነበሩ የቀቡት፤ ሰዓዳ ኋላ ነገረችኝ። ስለ በሩ ከቤቱ ይልቅ ያዘኑ መሰሉ። ዓመት ሙሉ ደግሞ ያንን ዕቃ እየጠበቁ ቂማቸውን ሲያስታምሙ እንደኖሩ ገባኝ። ልቤ አዘነላቸውም፤ ተናደድኩባቸውም። አንድ ልጅ ወደ ላይ ልከው «ዕቃችሁ እኛ ጋ ነው» ቢሉ ምን ነበረበት?

«አንድ ሰማያዊ ሳፋም አለ» አሉ በእጃቸው ስፋቱን እያሳዩ። «ምራቴ ልጆቿን ልታጥብበት ስትል ከለከልኳት። ጠርዙ ተሰንጥቆ በናይለን ክር የተሰፋ። የድሃ ዕቃ ነው፤ ባለቤቱ ሳይፈልገው አይቀርም ብዬ።»

ያንን ስፌት አውቀዋለሁ፤ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ስትሰፋው መብራት የያዝኩላት እኔ ነኝ።

«የእናቴ ነው» አልኩ።

አብዲ ቀና ብሎ አየኝ።

«እናትሽ ታዲያ ለምን አልፈለገችውም?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ደክሞኝ ነበር፤ የደከመው ሰው ደግሞ እውነቱ ይቀድመዋል። «ተሰርቋል ብላ ነው» አልኩ።

የሐጂ ፊት ጠቆረ። ሰዓዳ የወተቱን ብርጭቆ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ሌባ አለችን?» አሉ። ያኔ ሁሉም ነገር እንዳበቃለት አወቅኩ፤ የሣሩም፣ የግራሩም፣ የኩሬውም።

«እናንተን አይደለም!» አልኩ ተጣድፌ። «የጎረቤታችንን ሠራተኛ ነው። ዓመት ሙሉ ስትረግማት ነው የኖረችው። ምስኪን ልጅ፣ ከእናቴ ምላስ የተነሣ በሌላ መንገድ ነው ውሃ የምትቀዳው።»

ሐጂ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳል መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰው፤ ሳሉ ሳቁን። ሰዓዳ ጀርባቸውን እየመታች «አባቴን ልትገድሉት ነው!» እያለች እሷም ሳቀች።

ሲያርፉ ካርታውን ለማውጣት ቦርሳዬን ከፈትኩ። በእጃቸው መለሱልኝ።

«መንግሥት ሆነሽ ከመጣሽ መልሴን ታውቂዋለሽ። ግን አንቺ ከላይ ነሽ፤ ጎረቤት ነሽ። ጎረቤትን እንቢ ማለት አልችልበትም። ሂጂ። ዕቃው ወደ ባለቤቶቹ ይሂድ፤ ወርደው ይውሰዱት፤ ግድግዳውን በዐይናቸው ይዩት። ከዚያ በሰዓዳ ስልክ ደውይልኝ።»

«አደር፣ በጀቱ ሊዘጋ…»

«በጀቱ የእናንተ ነው» አሉና ጎናቸውን አዞሩ።

መመለስ

ሰዓዳ ቤት አድረን ቅዳሜ ጠዋት ተመለስን። አብዲ የሰውየውን ስኮርታ ለጎሚስታው አስረክቦ የእኛንም አስነፍቶ ነበርና፣ በየኮረብታው ራሱን እያደነቀ ነዳ። እኔ ስለ ፊርማ አስብ ነበር። አለቃዬ የሚፈልገው ፊርማ ነው፤ እኔ የያዝኩት የሳፋ ወሬ ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄው አይደል?

እናቴ ወሬውን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ሳፋው አልተቀደደም ወይ ብላ ነው። ሁለተኛ፣ «ሄጄ ሳፋ ልለምን? በዚህ ዕድሜዬ?» አለች። ጎረቤቶቹ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበራቸው። በር ለበር ስዞር መምህሩም ነጋዴውም ያንኑ ጠየቁኝ፤ «ከሄድን በኋላ ምን ሊጠየቅ ነው?» አልዋሸሁም። ግቢያችሁ ውስጥ ከአጥሩ ሥር ሊሾው እየተሰበረ አፈር ይከፈት፣ የጣራችሁ ውሃ እዚያ ይግባ ትባላላችሁ አልኳቸው። አንዳንዱ በሩን ሳይዘጋ ፊቱን ዘጋብኝ። ቤት ስገባ ነገሩ ያበቃለት መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ስኳርና ቴምር በፌስታል ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። «ምን ታፈጫለሽ? መንገዱን አሳዪኝ» አለች። እሷ ስትወርድ ያየች አንዲት ጎረቤት ተከተለች። ብስክሌት የጠፋበት ልጅ አባቱን እየጎተተ መጣ። ወንዙ ዳር ስንደርስ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ሰብሰብ ብለን ነበር፤ ብዙ አይደለንም፤ ግን አላፈርኩም።

የሐጂ ምራት ዕቃውን ከጓዳ እያወጣች ምንጣፍ ላይ ደረደረችው። ሁሉም ታጥቧል። የጫማዎቹ ጥንድ ጥንዱ ታስሯል። ሰው የየራሱን እያነሣ ሲስቅ፣ ሲያፍር፣ ሻይ ሲቀበል፣ እናቴ ሳፋዋን አንሥታ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ስትል ግድግዳውን አየች። ውሃው የደረሰበት መስመር አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ ከእናቴ ደረት በላይ። በተናደው በኩል ሸራ ተወጥሯል፤ ከሸራው ሥር አልጋ አለ።

እናቴ ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። ሶማሊኛዋ የገበያ ነው፤ ስለዚህ በአማርኛ ነበር የተናገረችው። «ልጄ፣ እኔ በየጠዋቱ ግቢዬን አጥቤ ውሃውን በግቢው በር አስወጣለሁ። የት እንደሚሄድ አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። ወደ አንቺ አልጋ ነው ለካ።» ምራቲቱ አማርኛ ታውቃለች፤ እጇን ያዘቻት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ከሐዘንም ከድካምም።

ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ይህን ያህል ነው፤ በካርታ ላይ ውሃን ከላይ ወደ ታች በቀስት እንሥላለን፤ ሰውን ግን ከታች ወደ ላይ ነው የምንጠራው። ፕላኑ የተጣመመው እዚህ ላይ ነበር። በዚህም ቢሆን ያለ ጥፋቱ የሚነሣው የታችኛው ሰው መሆኑ አልቀረም። ይህን ማስተካከል የሚችል ቀለም የለኝም፤ አረንጓዴውም ቢሆን።

ስንመለስ እናቴ ቤት ሳትገባ አብዲን ከነዶማው አስጠራችና ከአጥሩ ሥር ያለውን ሊሾ ራሷ ለመስበር ሞከረች። ሁለቴ መትታ ዶማውን ለአብዲ ሰጠችው። አብዲ ሲቆፍር እሷ ፍርስራሹን በሳፋው ትሰበስባለች። የጎረቤቷን ሠራተኛ ጠርታም ሻይ አጠጣቻት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረቻትም።

እኔ ደምበል ደወልኩ። ሰዓዳ አነሣችና ለአባቷ ሰጠቻቸው። በሳላቸው አወቅኳቸው።

«ሰው ወረደ?» አሉ።

«ወረደ፣ አደር።»

«ሳፋው?»

«እናቴ ራሷ ተሸክማ ወስዳዋለች። አሁን አፈር እየሞላችበት ነው።»

ከበስተጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማል፤ ባትሪ ገዝተውላቸዋል ማለት ነው። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«እንግዲያው ቤቱንም ውሰዱት» አሉ። «በሩን ግን ነቅላችሁ አስቀምጡልኝ። አማና ነው፤ ወርጄ እወስደዋለሁ።»